ቤቷን በግመል ጭና የመጣችው ነፍሰ ጡር

እናቶች ያልቆዩበት የእናቶች ማቆያ ኃላፊ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሹመት ለሁሉም ሰው አይደርስም።

ቦታው ከሰመራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰርዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። እኔ የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አምፖል ሲቃጠል የምጠራ፣ ውኃ ሲጠፋ የምሰደብ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር የምደረድር ሰው ማለት ነው። ታዲያ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያው ጓሮ የብሎኬት ቤት ተሠራና ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ወራቸው የገባ ሴቶች ምጥ በረሃ መሀል ሳይዛቸው ቀድመው መጥተው፣ እዚያ ቤት ውስጥ አዋላጇ አጠገብ ሆነው እንዲጠብቁ ነው የታሰበው። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ አሁንም ደግ ነው። ከአንዳንዱ ሰፈር አስፋልቱ ድረስ በግመል ቀኑን ሙሉ ይኬዳል። አስፋልቱ ላይ ከደረሱ በኋላም ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ልቡ እስኪራራ መጠበቅ አለ። ከድንበሩ ከገላፊ ጀምሮ እንቅልፍ ያላየ ሾፌር ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ጋቢና ውስጥ ማስገባት አይወድም።

እኔም ቤቱን ላሳምረው ተነሣሁ። ግድግዳውን ሮዝ አስቀባሁት። ሮዝ የእናት ቀለም ነው ብሎ የነገረኝ ማን እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም፤ ቀለም ሻጩ ይመስለኛል። ከሎጊያ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ አሰፋሁ። ከፍ ከፍ ያሉ የብረት አልጋዎች አስገባሁ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቀልኩ። ዲሽ ስለሌለው ሰው ቴሌቪዥኑን ማየት አይችልም፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ስላልነበረም ቴሌቪዥኑ የሚያየው አጣ።

አዋሽ ላለችው ባለቤቴ ስልክ ደወልኩ።

«ሰማሽ? የወላድ ቤት ኃላፊ ሆንኩልሽ።»

«ማን? አንተ?» ሳቋ አላስጨርስ አላት። «እነዚያን ሁሉ ልጆች ስወልድ አንዴ እንኳ የት ነበርክ?»

«ባቡር ላይ።»

«እኮ! አሁንም ባቡር ላይ ያለህ መስሎኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። አባቴ የአዋሽ ጣቢያ ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ በመንገደኛው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርን። ባለቤቴ ምጥ ሲይዛት እኔ ሁልጊዜ ድሬዳዋ ነኝ። እንዴት እንደሚገጥም እንጃ፤ ልጆቼ ፈረቃዬን አይተው የሚወለዱ ይመስል ነበር። እሷ ጎረቤቷን ትጠራና ሐዲዱን ተሻግራ ጣቢያው ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ትወልዳለች፣ ከዚያ በጣቢያው ስልክ «ሴት ናት» ወይም «ወንድ ነው» ይሉኛል። እኔም ድሬዳዋ ላይ ጓደኞቼን ጠላ እየጋበዝኩ እንደ ደከመው ሰው እተነፍሳለሁ። ባቡሩ ሲደክም እኔ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰመራ ወረድኩ፤ እሷ ቤታችንን ይዛ አዋሽ ቀረች። ከደጃፍ እስከ አዋላጅ ያለው መንገድ ሐዲድ መሻገር ብቻ መሆኑ ትልቅ ዕድል እንደነበር የገባኝ ሐዲድም አዋላጅም በሌለበት አገር ከኖርኩ በኋላ ነው።

አዋላጃችን ከወሎ የመጣች ወጣት ሙስሊም ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም። ሥራዋን ቁጭ ብላ መጠበቅ ስላልሆነላት በየሰፈሩ እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ታያለች። አስተርጓሚዋ የግቢያችን ዘበኛ ነው፤ አፋር ነው፣ አማርኛውን ከሾፌሮች ነው የተማረው። እሱ ዘንድ አንቱ የሚባል ነገር የለም። እኔም አንተ ነኝ፣ ኃላፊውም አንተ ነው፣ ከአዲስ አበባ ማንም ይምጣ ማን አንተ ነው።

ከዚህ ዙረት በአንዱ ሲስተር አንዲት ሴት አገኘች። ወጣት ናት። ሁለት ጊዜ አምጣ ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ሞቶ ነው የወጣው፤ በሁለተኛው እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁን ሦስተኛው ሆዷ ውስጥ ነው፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ ግመሎቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ሄዷል። ሲስተር ሴትዮዋንና እናቷን ለምና፣ አባብላ፣ ወላሂ ብላ ይዛቸው መጣች።

ያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የመጀመሪያዋ እንግዳዬ! መጋረጃውን ገለጥኩላት። አልጋውን ደበደብ ደበደብ አድርጌ አሳየኋት። ቴሌቪዥኑን ሁሉ አሳየኋት። ሴትዮዋ ዓይኗን ከወለሉ እስከ ቆርቆሮው አንከባለለችና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቀትር ላይ ብቅ ስል ከግድግዳው ውጪ፣ መዳፍ በምታህል ጥላ ሥር ከእናቷ ጋር ተጣብቃ አየኋት። በማግሥቱ ጥላውም ባዶ ነበር።

«ሄዱ?» አልኩት ዘበኛውን።

«ሄዱ።»

«ምን ጎደለባቸው?»

«አየር።»

ሲስተር ከክፍሏ እንደ ነፋስ ወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ አንድ ቀን ይተኙበት!»

«እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ እንዴ?»

ሆዴን አየች። መልሷ ያ ነው።

እልህ ያዘኝና ምሳዬን በልቼ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፣ ከፍ ካለው የብረት አልጋዬ ላይ ተዘረጋሁ። የሰመራን ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ ማስረዳት አልችልም። ቢሮዬ ማራገቢያ እንደነበረው ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ቆርቆሮው ከላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ፍራሹ የለበሰው ፕላስቲክ ከጀርባዬ ጋር ተጋባ። ሮዙ ግድግዳ መቅላት ጀመረ፣ ወይም ዓይኔ ነው። አባቴ ጣቢያ ከመግባቱ በፊት በባቡር ምድጃ ከሰል ይጨምር የነበረበት ዘመን ትዝ አለኝና የሞተውን አባቴን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሱሪዬን እየያዝኩ ስወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተ፣ ምን ወለድክ?» አለኝ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ሲስተር ኩርፊያዋን በእኔ ላይ ስታወርድ ሰነበተች። አንድ ማለዳ ግን ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ግመል አስገባ። ከግመሉ ኋላ ያቺው ሴት፣ ሆዷ ቀድሟት። ከእሷ ኋላ እናቷ፣ ከእናቷ ኋላ ፍየል። ግመሉ ጀርባ ላይ ቆልመም ቆልመም ያሉ እንጨቶችና የተጠቀለለ ሰሌን ተጭኗል። ገና ጠጋ ብዬ ሰላም ሳልል እናትየው እንጨቶቹን ማቆያው ፊት ለፊት መሬት ውስጥ ትተክል ጀመር። ልጅቷ ተቀምጣ ገመድ ታቀብላለች። እንጨቱ ጎብጦ ቅስት ሆነ፣ ቅስቱ ላይ ሰሌኑ ለበሰ፣ ቤት ሆነ።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ፈቃድ አላቸው?»

ዘበኛው ሽንጡን ይዞ ሳቀ። «ለቤቷ? ቤቱ እኮ የእሷ ነው። የባሏ እንኳ አይደለም።»

«እሱማ ገብቶኛል፤ ግን እዚያ ሮዝ ቤት እያለ...»

ለሴትዮዋ ተረጎመላት። እሷም ቀና ሳትል አንድ ነገር አለች።

«የአንተ ቤት ለዳቦ ጥሩ ነው አለች» አለኝ።

ሰሌን ቤቷን ገብቼ ያየሁት በዚያው ቀን ነው። ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን እየረገምኩ። ከነፋሱ ወገን ሰሌኑን ከሥሩ ገልበጥ አድርገውታል፤ አየሩ በዚያ ገብቶ በላይ ይወጣል። ቢሮዬ ያለው ማራገቢያ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሲስተር በቀን ሦስቴም አራቴም የሴትዮዋን ሆድ እየዳበሰች ትወጣለች፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ አይደበቅም። «ጋሼ፣ ምጥ ሲጀምራት እሰማታለሁ። ከክፍሌ መስኮት እሰማታለሁ! ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ፣ ሱብሃነላህ።»

ይኸው እንዳለ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሰመራ ሰንብቶ መጣ። ኃላፊው ሲደሰት ጋሼ ይለኛል፣ ሲቆጣ አቶ።

«አቶ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ጣቱን ወደ ፍየሏ ቀስሮ። ከዚያ ወደ ሰሌኑ። «በሚመጣው ማክሰኞ እኮ ማቆያውን ሊያዩ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የብሎኬቱ ቤት ባዶ፣ ፊት ለፊቱ ሰሌን ቤት ሙሉ! ምን ይሉናል? ነገ እዚህ እንዳላገኘው።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት በጣም እችልበታለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ሙያ ነው።

ወደ ሲስተር ሄጄ ነገርኳት። እንደወትሮዋ አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቤቷ ከተነሣ ጭነው ይሄዳሉ» አለች ቀስ ብላ። «ከሄደች ሦስተኛውን ትቀብራለች። ወይ እሷንም ይቀብሯታል። እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይንገሯት፣ ጋሼ።»

ሄድኩ። ልነግራት ነው የሄድኩት፣ እውነቴን ነው። ሰሌኑ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እናትየው ጉሮሮዬ የደረቀ መስሏት የፍየል ወተት ሰጠችኝ። ጠጣሁ። እንደገና ጠረግሁ። እንደገና ሰጠችኝ። ፍየሏ እስክትነጥፍ ጉሮሮ መጥረግ ስለማይቻል ተነሥቼ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳለሁ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በሕይወቴ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይመጣልኝም፤ ሲመጣ ግን አሳስቆ ነው የሚመጣው።

«ጌታዬ፣ ያ ሰሌን ቤት እኮ ለማክሰኞ ያዘጋጀነው ባህላዊ ማሳያ ነው።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ማሳያ?»

«ነባሩ ከአዲሱ ጎን። እንግዶች እንዲያነጻጽሩት።»

«ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም?»

«ሐሳቡ የእርስዎ መስሎኝ ነው እንጂ!»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ራሱ አስቦት ይሆን ብሎ ሲመረምር ፊቱ ላይ ይታየኛል። በኋላ ፈገግ አለና «ጋሼ» አለኝ፣ «ፍየሏም ትቆይ።»

ማክሰኞ ደረሰ። ምጡም ማክሰኞን መረጠ። ጎህ ሲቀድ ነው የጀመራት። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ሲስተር ጓንቷን እንዳጠለቀች ወደ እኔ ሮጠች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አልወርድ አለ። ያለፈውም እንዲሁ ነው የሆነው። ሆስፒታል ነው፣ አሁኑኑ! አምቡላንሱን!»

አምቡላንሱ የለም። ኃላፊው ለእንግዶቹ የታሸገ ውኃ እንዲያመጣ ወደ ሎጊያ ልኮታል። ሾፌሩ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፣ ማለት ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ የምለውን እርምጃ ተራመድኩ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባዶ ቦቴ አለፈኝ። ወደ ሆስፒታሉ ወገን የሚሄድ ግን አንድም የለም። የመጣው የእንግዶቹ ነጭ ላንድክሩዘር ነው።

እንግዶቹ ወረዱ። ዋናው እንግዳ ወፈር ያሉ፣ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው፤ ኮቱን ስላላወለቁ አዘንኩላቸው። ኃላፊው አፈፍ አድርጎ በቀጥታ ወደ ሰሌን ቤቱ ወሰዳቸው። «ይህ ነባሩ የእናቶቻችን የወሊድ ባህል የሚታይበት...» ሲል ከውስጥ የሲቃ ድምፅ ተሰማ።

እንግዳው ቆም አሉ። «ሰው አለበት እንዴ?»

«አዎን ክቡርነትዎ! ሁሉም ነገር በእውነተኛው መልኩ ነው የቀረበው።»

በዚህን ጊዜ ሲስተር ሰሌኑን ገልጣ ወጣች። ጓንቷ ላይ ደም አለ። የእንግዳውን ማዕረግ አልጠየቀችም። «መኪናዎን ይስጡኝ» አለች። «ሁለት ልጆች ሞተውባታል። ይኼኛው እስካሁን ይሰማኛል፣ ልቡ ይመታል። ሆስፒታል ካልደረሰች ግን...» አልጨረሰችውም።

ኃላፊው አፉን ከፍቶ እኔን ያየኛል። ዘበኛው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ወደ ላንድክሩዘሩ ሾፌር ሄዶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«አንተ፣ አስነሣ።»

«የክቡርነታቸው መኪና እኮ ነው» አለ ሾፌሩ።

ዘበኛው ወደ እንግዳው ዞረ። «አንተ፣ ንገረው።»

እንግዳው፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ «ውሰዷት! ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። ሲስተር፣ እናትየውና የጽዳት ሠራተኛዋ ደግፈው አወጧት። ሴትዮዋ አትጮህም፤ ጥርሷን ነክሳ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። እኔም የበኩሌን ረዳሁ፤ የመኪናውን በር ሮጬ ከፈትኩ። የሾፌሩን በር ነው የከፈትኩት። ሲስተር በክርኗ ገፍታኝ ኋለኛውን ራሷ ከፈተች። መኪናው አቧራውን ለቆብን ሄደ።

እናትየው ግን አልሄደችም። ዞር ብዬ ሳይ ሰሌኑን እየፈታች ነው።

«ምን ነካት?» አልኩት ዘበኛውን። «ልጇ በሞት አፋፍ እያለች ቤት ታፈርሳለች?»

«ልጅቷ እዚያ፣ ቤቷ እዚህ? እንዴት ይሆናል?» አለኝ፤ የማይገባኝ እኔ መሆኔ ነው የገረመው።

እንግዶቹ መኪና የላቸውም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። ኃላፊው እጁን ያፋትጋል። እናትየው በዚያ ሁሉ ሹም ፊት ገመዱን ፈታች፣ ሰሌኑን ጠቀለለች፣ ቅስቶቹን ነቀለች፣ ግመሉን አስበረከከች፣ ጫነች። አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችንም። ፍየሏን አስራ ስትወጣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፤ የማሳያው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። አንደኛው «ግሩም ነው፣ በጣም ተግባራዊ ነው» ሲል ሰማሁት። ኃላፊውም ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔስ? እኔም አጨበጨብኩ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ አምቡላንሱ ሳይረኑን እያስጮኸ ገባ። ውኃውን ይዞ።

ያን ቀን ወሬ ሳንሰማ መሸ። ሲስተር አልተመለሰችም፣ ስልክም የለም። በማግሥቱ ከዘበኛው ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን በአዋሽ ወንዝ ወገን ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሙሉ ዘበኛው ጫቱን ይቅማል፣ እኔ ጥፍሬን። ከዚያች ሴት ጋር በሕይወቴ አንድ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ አልተለዋወጥንም፤ የተለዋወጥነው ወተትና ስለ ዳቦ የተነገረ ስድብ ነው። ግን ብትሞትስ ብዬ አሰብኩና ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

የሆስፒታሉ በር ጋ ስንደርስ ግቢው ውስጥ፣ ከአንዲት ግራር አጠገብ፣ ሰሌን ቤቱ ቆሟል። ፍየሏም አለች። እናትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንድ ሸሚዝ የለበሰ ሰው እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ፊቷን አየሁት። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ዘበኛው ቁጢጥ ብሎ እጇን ሳመ፣ እጁን ሳመችው፣ ከዚያ መነጋገር ጀመሩ። አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡት በሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው ነገር ሳይጠየቅ ወደ ሁለተኛው አይታለፍም። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ በረጋ ድምፅ ትመልሳለች፣ ራሱን ይነቀንቃል።

«ምን አለች? አለች ወይስ የለችም?»

«ቆይ፣ መንገዱ ላይ ነን።»

ቆየሁ። «አሁንስ?»

«ዝናቡ።»

«ዝናቡ ምን ይሠራልኛል፣ አንተ ሰውዬ!»

«ግመሎቹ ቀርተዋል፤ ዝም በል።»

በሕይወቴ ስለ ግመሎች ጤንነት እንደዚያ ቀን የጸለይኩበት የለም። በመጨረሻ ዘበኛው ምራቁን ዋጠና ወደ እኔ ዞረ። ሥርዓቱን ስለጨረሰ ደስ ብሎታል።

«ወንድ ነው። ሆዷን ቀደው ነው ያወጡት። ሁለቱም አሉ። ሲስተር እዚያ ወለል ላይ ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት ብላለች እናትየው።»

ድሬዳዋ ሆኜ በስልክ «ወንድ ነው» ስባል እንደማደርገው ጠላ ልጋብዝ ዘወር አልኩ፤ ያለው ያ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ብቻ ነው። እሱም የሆስፒታሉ ጠቅላላ አገልግሎት ሆኖ ተገኘ። የሙያ ወንድሜ! ክርኔን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ይመስሉኛል፤ እባክዎ ያስረዱልኝ። ግቢው ውስጥ ቤት መትከል ክልክል ነው። ልጅቷ ደግሞ ከዋርድ ስወጣ ቤቴ ነው የምገባው ብላለች፤ ሐኪሙ ገና ለቀናት አትሄድም ብሏታል። የእኛ ዋርድ አልጋ አለው፣ ሁሉ ነገር አለው! ምን ጎደለባቸው?»

«ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የምኑ?»

«የዋርዱ።»

«አረንጓዴ» አለ ግራ ገብቶት።

ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን እየያዝኩ ሰሌን ቤቱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከሥር የገባው ነፋስ ላቤን ነካው። እናትየው ሳትጠየቅ ወተት አቀበለችኝ።

«እርስዎም?» አለ ሰውዬው ከውጪ ሆኖ፣ ሊያለቅስ ቃጥቶታል።

«ፀሐይ ላይ ቆመህ አትጩህ፣ ግባ» አልኩት።

ወደ ቢሮው አየ። ወደ ዋርዱ አየ። ከዚያ አንገትጌውን ፈታ አደረገና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።